የኋላ መብራትህን ከማጥቆርህ በፊት አስር እርምጃ ወደ ኋላ ሂድ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ከአዲስ አበባ የጻፈ አንድ ወጣት የ2004 ሞዴል ኮሮላ አለው። የኋላ መብራቶቹ ፀሐይ በልቷቸው ቀያቸው ወደ ሮዝ ሄዷል። በጥቁር ስፕሬይ "ስሞክ" ሊያደርጋቸው ፈልጓል። ጋራዥ የጠየቁት ዋጋ ስለከበደው ግቢው ውስጥ ራሱ ሊሠራው አስቧል። "ስንት እጅ ልርጭ? ሱቅ ያለው ተራ ጥቁር ስፕሬይ ይሆናል ወይስ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ልዩውን ይዞልኝ ይምጣ? ትራፊክስ ይይዘኛል?" ይላል።

ወንድሜ፣ የመኪና ቀለም ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ቆይቻለሁ። ጥቁር የኋላ መብራት የሚያምርበት መኪና እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ "ተው" ብዬ ብቻ አልሸኝህም፤ አሠራሩንም እነግርሃለሁ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር በዓይንህ እንድታይ እፈልጋለሁ።

ዛሬ ማታ መኪናህን ጨለማ ቦታ አቁማት። ሞተሩም መብራቱም ይጥፋ። የስልክህን ባትሪ አብራና ከጆሮህ በላይ፣ ከዓይንህ ጎን አስጠግተህ ያዘው። አስር እርምጃ ወደ ኋላ ሂድና ወደ መብራቶቹ አብራ። ከመብራቱ አንዱ ክፍል እንደ ድመት ዓይን ቀይ ሆኖ ይነድዳል። ስልኩን ወደ ወገብህ ዝቅ ስታደርገው ድምቀቱ ይቀንሳል። ወደ ዓይንህ ስትመልሰው እንደገና ይበራል። ይህ ክፍል አንጸባራቂው ነው። በቀን ቀርበህ ስታየው የማር እንጀራ የመሰሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት። ብርሃን ከየትም ይምጣ፣ ወደ መጣበት ነው የሚመልሰው። ስለዚህ የሚያየው መብራቱን የያዘው ሰው ነው። መንገድ ላይ ያ ሰው ከኋላህ የሚመጣው ሾፌር ነው።

አንጸባራቂው አምፖል የለውም። ሽቦም የለውም። ባትሪህ ቢሞት፣ ፊውዝህ ቢቃጠል እሱ ይሠራል። የሀገራችንን መንገድ ታውቀዋለህ። መኪና ሲበላሽ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ነው የሚደረደረው። ሾፌሩ ወርዶ ቅጠሉን እስኪቆርጥ ድረስ ባሉት ደቂቃዎች መኪናውን የሚጠብቀው ያ ቀይ ማር እንጀራ ብቻ ነው። ስፕሬይ ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚገድለው እሱን ነው።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ እጅ የረጨኸው ጥቁር ከመቶ ብርሃን 80 ያሳልፋል እንበል። ሁለተኛ እጅ ስትደግም የ80ውን 80 በመቶ ነው የሚያሳልፈው፤ 64 ይሆናል። በሦስተኛው 51 ትደርሳለህ። ይህ ከአምፖሉ ወጥቶ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚያልፈው ብርሃን ነው። አንጸባራቂው ላይ ግን ብርሃኑ ገብቶ ተመልሶ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ያልፋል፣ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። በአንድ እጅ 64፣ በሁለት 41፣ በሦስት 26 ይቀራል። ሦስት እጅ ቀብተህ "አምፖሉ እኮ ጥሩ ይታያል" ስትል፣ አንጸባራቂህ ሩብ ላይ ወርዷል።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ መብራቱን ከዳር እስከ ዳር፣ ሦስት እጅ አድርጌ አጠቆርኩለት። በጣም አማረ፤ ሁለታችንም ደስ አለን። ከጥቂት ወራት በኋላ ከሰንዳፋ ወደ ከተማ ሲመለስ ማታ ላይ ዲናሞው ሞተበት። ባትሪው አለቀና መኪናው ያለ አንዳች መብራት መንገድ ላይ ቀረ። እሱ ድንጋይ ሊፈልግ በወረደበት አንድ ፒክአፕ መጥቶ ከኋላ ገባበት። ውስጥ ሰው አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የኋላው ኮፈን ግን የኋላ ወንበሩ ድረስ ገብቷል። የፒክአፑ ሾፌር "አንዲት ቀይ ነጥብ እንኳ ባይ ፍሬን እይዝ ነበር" ብሎ ሲምል ነበር አለኝ። መኪናው እኔው ጋ ለጥገና መጣ። ያልተሰበረውን መብራት አንስቼ ባትሪ አበራሁበት። ምንም። ጥቁር ግድግዳ ላይ ያበራሁ ያህል ነበር። ያን ቀን የያዝኩትን ደንብ እስከዛሬ አልለቀቅኩም፤ አንጸባራቂ ላይ ጠብታ ቀለም አላሳርፍም።

ሌላው የፍሬን መብራትህ ነው። ከኋላህ ያለው ሾፌር ማታ ሳትጠፋ የምትበራውን ትንሿን መብራት ከፍሬኑ የሚለየው በቀለም አይደለም፤ ሁለቱም ቀይ ናቸው። የሚለየው በድምቀት ነው። በተለመደው ባለ ሁለት ክር አምፖል አንዱ ክር 5 ዋት፣ የፍሬኑ 21 ዋት ነው። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ መብራት ደንብ ቁጥር 7 መሠረት የኋላ ትንሿ መብራት ቢያንስ 4 ካንዴላ፣ የፍሬን መብራት ቢያንስ 60 ካንዴላ መስጠት አለበት። ካንዴላ ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ያለውን ጉልበት የሚለካ ነው። ልዩነቱ ሰፊ የሆነው ሆን ተብሎ ነው። ፍሬን ስትይዝ ከኋላህ ያለው ሰው ሳያስብ እግሩ እንዲንቀሳቀስ ነው።

አዲስ መብራት ከዚህ ዝቅተኛ መጠን ከፍ ብሎ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። የአንተ ግን የ2004 ነው። መስታወቱ ደብዝዟል። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው ብርማ ሽፋን አቧራ ይዟል። አምፖሉ ራሱ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ገና ስፕሬዩን ሳትነካው የተወሰነ ብርሃን ከእጅህ ወጥቷል። ሦስት እጅ ጥቁር ስትጨምርበት ከቀረው ግማሹን ትወስዳለህ።

ማታ ግቢ ውስጥ ስትሞክረው ይህ አይታይህም። ጨለማ ውስጥ ዓይናችን ግማሽ ብርሃን ሲቀነስበት ትንሽ የደበዘዘ ብቻ ነው የሚመስለው። ጉዱ የሚወጣው በቀን ነው። በቀትር ፀሐይ፣ ፀሐይዋ ቀጥታ መብራቱ ላይ ስታርፍ፣ ፍሬን መያዝህና አለመያዝህ አይለይም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከኋላህ ያለው ሰው በግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ 7 ሜትር ነው። አንድ ተኩል ኮሮላ ማለት ነው። ጉም ያለበት መንገድ ደግሞ አለ። ክረምት ላይ ጣርማ በር አካባቢ የነዳ ሰው ከፊት ያለችውን ቀይ ነጥብ እንዴት አፍጥጦ እንደሚከተል ያውቃል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። መጀመሪያ ግን እኔም አንድ ልጠይቅህ። የምትፈልገው ጥቁር መብራት ነው ወይስ አዲስ የሚመስል መብራት? "ደብዝዞ ሮዝ መሰለብኝ" ብለሃልና ነው። ብዙ ሰው የደበዘዘ መብራት አስጠልቶት ነው ወደ ስፕሬይ የሚሄደው። እኛ መስታወት እንለዋለን እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ አብዛኛው የኋላ መብራት አክሪሊክ ነው። ቀዩ ቀለም ከላይ የተቀባ ሳይሆን ፕላስቲኩ ውስጥ ያለ ነው። የደበዘዘው ብዙ ጊዜ ላዩ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ እዚህ ከቆላው ይልቅ ፕላስቲክ ትበላለች። ያንን የተበላ ቆዳ ስታነሳው ከስር ጥልቅ ቀይ ይወጣል።

እንዲህ ሞክር። ከመብራቱ ጥግ ላይ የክብሪት ሳጥን የምታክል ቦታ ምረጥ። ባለ 1500 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውኃ ውስጥ ነክረህ በቀስታ እሸው። የሚወርደው ውኃ ሮዝ ወተት ይመስላል፤ የሞተው ፕላስቲክ ነው። ከዚያ በ2000፣ ከተገኘም በ3000 አለስልሰው። በመጨረሻ ቀለም ቤት በሚሸጠው የመኪና ማለስለሻ ቅባት በንጹሕ ጨርቅ ፈትገው። አሁን ያንን ጥግ ከቀረው ጋር አስተያየው። ጥቁር ቀይ፣ የጠራ ሆኖ ከታየህ ሙሉውን በዚሁ ጨርሰው። ደንበኞቼ ውስጥ ይህን አይተው ስፕሬዩን የተዉት ጥቂት አይደሉም። ብርሃንም ይጨምርልሃል እንጂ አይቀንስብህም። ሮዝነቱ ካልለቀቀ ግን ፀሐይ ቀለሙን ከውስጥ በልታዋለችና ፍተጋ አይመልሰውም። ያኔ ሶማሌ ተራ ወርደህ ደህና ያገለገለ ጥንድ መፈለግ ይሻላል።

"አይ፣ እኔ ጥቁሩን ነው የምፈልገው" ካልክ እንቀጥል።

ተራ ጥቁር ስፕሬይ አይሆንም። በጭራሽ። ተራ ቀለም ውስጥ ብርሃን የማያሳልፉ ጥቃቅን ጥቁር ዱቄቶች አሉ። ስስ አድርገህ ብትረጨው እንኳ እንደ ቁንዶ በርበሬ ነጥብ ነጥብ ይሆናል እንጂ አይጠራም። ብርሃኑን ይጋርዳል፣ የቀረውንም ይበትናል። ለመብራት የተሠራው ግን እንደ ፀሐይ መነጽር ነው፤ ይጠቁራል፣ ግን ያሳያል። ቪኤችቲ የሚባለው አምራች "ናይት ሼድስ" ብሎ የሚሸጠው በዚህ ሥራ ይታወቃል። "ፕላስቲ ዲፕ" ደግሞ እንደ ጎማ ደርቆ ሲሰለችህ ተልጦ የሚወጣ የስሞክ ዓይነት አለው።

ወንድምህ ሻንጣ ውስጥ ይዞልኝ ይምጣ ያልከውን ግን ተወው። ስፕሬይ ቀለም ተቀጣጣይ ነው። አውሮፕላን ላይ በእጅም በሚጫን ሻንጣም ክልክል ነው። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካለህም ነገሩ ያው ነው። እዚህ ገበያ ስትፈልግ "ስሞክ" የሚል ጽሑፍ ብቻ አይተህ አትመን። ቆርቆሮው ላይ ስሞክ ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ተራ ማት ጥቁር የሆነ ገጥሞኛል።

መፈተሻው ርካሽ ነው። አንድ ባዶ ሃይላንድ ውሰድ። ጎኑን በመቀስ ቆርጠህ የመዳፍህን ስፋት ያህል ለጥ ያለ ቁራጭ አውጣ። እሱ ላይ አንድ ስስ እጅ ርጭና ይድረቅ። ከዚያ ወደ በራ አምፖል አዙረህ በውስጡ እይ። የአምፖሉ ቅርጽ ጥርት ብሎ፣ ደብዘዝ ብቻ ብሎ ከታየህ ትክክለኛው ነው። ቅርጹ ከተደበላለቀ ወይም ነጥብ ነጥብ ካየህ ለበር ብረት ቀባው እንጂ መብራት ላይ አታሳርፈው።

ይህን ቁራጭ አትጣለው፤ ወይም ሌላ ንጹሕ ቁራጭ አዘጋጅ። እኔ "ምስክር" ነው የምለው። ስትቀባ ከመብራቶቹ አጠገብ ታስቀምጠዋለህ። መብራቱ አንድ እጅ ሲያገኝ እሱም በዚያው እጅ አንድ ያገኛል። በየመሃሉ እሱን ትለካለህ። ሁለት ስልክ ያስፈልግሃል። አንዱ ላይ የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ ጫን፤ ላክስ ሜትር ብለህ ብትፈልግ ብዙ ታገኛለህ። ስልኩን ጨለማ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኛው። የሁለተኛውን ስልክ ባትሪ ከላይ፣ ከማይንቀሳቀስ ነገር ላይ አድርገህ አብራበት። መጀመሪያ ያልተቀባ የሃይላንድ ቁራጭ ከመለኪያው ስልክ በላይ ያዝና ቁጥሩን ጻፍ። ያ መቶህ ነው። ከዚያ ምስክሩን በዚያው ከፍታ ተካው። የመጀመሪያው 400 ካለህና ሁለተኛው 300 ካለህ 75 በመቶ እያሳለፈ ነው።

የእኔ ገደብ እዚያ ጋ ነው። 75 ላይ ስደርስ ስፕሬዩን አስቀምጣለሁ። "ይህማ ምን ጥቁር ይባላል?" እንዳትለኝ። ቅድም ያልነው ሁለት ጊዜ የማለፍ ነገር እዚህ ላይ ለአንተ ይሠራልሃል። በቀን መብራቱን የምታየው ከውጭ ገብቶ ተመልሶ በሚወጣ ብርሃን ነው። ስለዚህ 75 የሚያሳልፈው ሽፋን ለዓይንህ 56 ሆኖ ነው የሚታይህ። ቆሞ ሲታይ ጠቆር ያለ፣ ሲበራ ግን ብዙ ያልተጎዳ መብራት ይሆናል። ከዚያ በላይ የምትጨምረው እያንዳንዱ እጅ ከሚያስፈልግህ ብርሃን የሚወስድ ነው።

አሁን ሥራው። ቀኑን ምረጥ። ክረምት ላይ አትጀምረው። አየሩ ሲረጥብ ስፕሬዩ ላይ ነጭ ጭጋግ ይተኛበታል፤ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። በበጋ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ጥላ ስር ነው የሚሠራው። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ከረጨህ ሳይለጠጥ ይደርቅና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል።

ግቢው ውስጥ ከሰል እንዳይኖር። ይህን በጣም ነው የምለምንህ። ከቆርቆሮው የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፤ ከአየር ስለሚከብድም መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። በአንድ ጥግ ቡና እየተፈላ በሌላ ጥግ ስፕሬይ አይረጭም። ቆርቆሮው ቀዝቅዞ አልወጣ ካለህ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትንሽ አቆየው እንጂ እሳት አታስጠጋው።

መብራቱን መኪናው ላይ እያለ አትቀባው። ፍታው። የኋላ ኮፈኑን ከፍተህ የውስጡን ምንጣፍ ገለጥ ስታደርግ መብራቱን የያዙት ዳዶዎች ይታዩሃል። ፈትተህ ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ሳበው፤ ጠምዝዘህ አትጎትት፣ ጥርሱ ይሰበራል። አምፖሎቹን አውጣና ከጀርባው ያሉትን ቀዳዳዎች በፕላስተር ድፈናቸው። ካልደፈንካቸው ውኃ ይገባና በኋላ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ከፊትህ የተከፈተ መብራት ስላለህ አምፖሎቹንም እያቸው። ውስጣቸው የጠቆረ ካለ ዛሬውኑ ቀይራቸው።

በፈሳሽ ሳሙናና በውኃ ሁለት ጊዜ እጠበው። በቤንዚን ወይም በቲነር አትጥረገው። አክሪሊክ ቲነር ሲነካው ወዲያው ምንም አይመስልም፤ ቆይቶ ግን ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ውስጡ ይሮጣሉ። ያ አይጠገንም። ብዙ መብራት በዚህ ሲሞት አይቻለሁ።

ከዚያ በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ1000፣ ሁልጊዜ በውኃ እሸው። የሚያብረቀርቅ ነጥብ እስኪጠፋ ድረስ ነው የሚታሸው። በተለይ ጠርዝና ማዕዘን ላይ አትቸኩል፤ ስፕሬይ መላጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሲደርቅ መብራትህ ነጭ ለብሶ የተበላሸ ይመስልሃል። አይዞህ። ስፕሬዩና ክሊሩ (በመጨረሻ ከላይ የሚረጨው ቀለም አልባ ሽፋን) ሲያርፍበት ጭረቱ ይጠፋል።

አሁን መሸፈን። አንጸባራቂውን ትናንት ማታ በባትሪ አግኝተኸዋል። እሱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው። ነጩን የሪቨርስ መብራት ሸፍነው። ፍሬቻውንም። ብርቱካናማ ፍሬቻ ጥቁር ሲለብስ በቀን ጨርሶ አይታይም፤ ታጥፈህ ልትገባ ስትል ከጎንህ ያለው ሞተረኛ የሚያየው እሱን ነው። የፕላስተሩን ጠርዝ በጥፍርህ ጫን። የሚቀርህ ቀዩ የትንሿና የፍሬኑ ክፍል ብቻ ነው። እውነቱን ልንገርህ፤ ከዳር እስከ ዳር ከጠቆረ መብራት ይልቅ እንዲህ የተሠራው ነው የሚያምረኝ። የፋብሪካ ሥራ ይመስላል።

ቆርቆሮውን ውስጡ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ሙሉ ሁለት ደቂቃ ናጠው። ሁለቱን መብራቶችና ምስክሩን ጎን ለጎን ደርድር። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ራቅ። መርጨት የምትጀምረው ከመብራቱ ውጭ ነው፣ የምታቆመውም ከመብራቱ ውጭ ነው፤ እጅህ መሃል ላይ መቆም የለበትም። የመጀመሪያው እጅ እንደ ጤዛ ብቻ ይረፍ። "አልሸፈነም" ብለህ አትደርብ። አስር ደቂቃ ያህል ጠብቅ፤ ቆርቆሮው ላይ ሌላ ጊዜ ከተጻፈ የተጻፈውን ተከተል። ግራው ላይ አራት ጊዜ ከተመላለስክ ቀኙም ላይ አራት ነው። ጥንድ ያልሆነ መብራት ከሩቅ ያስታውቃል። ከእያንዳንዱ እጅ በኋላ ምስክሩን ለካ። ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ስስ እጅ ገደቡ ጋ ትደርሳለህ። "ስንት እጅ?" ላልከኝ መልሴ ይህ ነው፤ ቁጥሩን ምስክሩ ነው የሚነግርህ።

ፕላስተሩን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አትጠብቅ። የመጨረሻው እጅ ገና ትንሽ እርጥብ እያለ፣ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ አጥፈህ ላጠው። ከደረቀ በኋላ ከላጥከው ጠርዙ ይቦጨቃል።

ከላዩ ክሊር ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ በእኛ ፀሐይ ብዙ አይቆይም። ክሊር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከቆርቆሮው ወጥቶ እንዲሁ የሚደርቀው ነው። ሌላው ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ነው፤ እሱ ይበልጥ ጠንካራና አንጸባራቂ ይሆናል። ግን ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳይናይት የሚባል ኬሚካል አለ። ሳንባ ይጎዳል፤ አንዴ አስም ያስያዘው ሰው ከዚያ በኋላ ጥቂቱም ያስነሳበታል። የኮቪድ ጊዜ የጨርቅ ማስክ ምንም አያደርግለትም። ልጆች በሚሮጡበት ግቢ ይህን እንዳትሞክር። ቤት የምትሠራው ከሆነ የመጀመሪያውን ዓይነት ሁለት ሦስት ስስ እጅ ስጠው። ጠንካራውን ከፈለግህ መብራቶቹን በእጅህ ይዘህ ወደ ቀለም ቤት ሂድ። አሽተህ፣ ሸፍነህ፣ ቀብተህ ስለጨረስክ የሚያስከፍሉህ ለክሊሩ ብቻ ነው።

ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ሳትነካው ይደር። ከዚያ ግጠመው። ለአንድ ሳምንት እጥበት ቤት አትውሰደው።

ከገጠምከው በኋላ ሁለት ጊዜ ታያለህ። በቀትር ፀሐይ ሃምሳ እርምጃ ራቅና ሰው ፍሬን ይያዝ፣ ይልቀቅ። ሳታመነታ መለየት አለብህ። ፎቶ አንስተህ አትፍረድ፤ ስልክ ብርሃኑን ራሱ ያስተካክለዋል። ማታ ደግሞ ያው አስር እርምጃ፣ ያው ባትሪ። አንጸባራቂው እንደ ትናንቱ መንደድ አለበት።

"ኃይለኛ አምፖል ከትቼ አካክሰዋለሁ" የሚሉህ ይኖራሉ። ዋቱ የበዛ አምፖል ሙቀቱም ይበዛል። በትራፊክ መጨናነቅ ፍሬን ይዘህ ስትቆም ፕላስቲኩን ያጎብጠዋል። ኤልኢዲም ቢሆን ለክር አምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ ብርሃኑን ወደ ፈለገው ነው የሚወረውረው። ነጭ ኤልኢዲ በቀይ ሽፋን ውስጥ ደግሞ ብዙው ይባክናል፤ የግድ ከሆነ ቀይ ኤልኢዲ ነው የሚገባው። ከኋላ መስታወት ጋ ያለችውን ሦስተኛዋን የፍሬን መብራት ግን በምንም መንገድ አትንካት። አሜሪካ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ በአዲስ የቤት መኪና ላይ ግዴታ ያደረገቻት ከኋላ መገጨትን ስለምትቀንስ ነው።

ትራፊክን በተመለከተ፦ መንገድ ላይ ያስቆመህ ፖሊስ የሚፈርደው በዓይኑ ነው። ቀይ ሆኖ ያልታየው መብራት ላይ ጥያቄ ያነሳል፤ ሲያነሳም ልክ ነው። ለቦሎ ስትቀርብም መብራት ይታያል። ይህን የምታነቡ ውጭ ያላችሁ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ሕግ እዩ። ጀርመን ውስጥ መብራት ላይ ምንም ዓይነት ቀለም ወይም ፊልም ማድረግ የመኪናውን የመንገድ ፈቃድ ያሳጣል። ቨርጂኒያ ያላችሁ በየዓመቱ የደህንነት ምርመራ አለባችሁ። ለእናንተ ፍተጋው ይበቃል።

ሌሎች በጎን ለጠየቃችሁኝ፣ ቀድሞ ተቀብቶ የገዛችሁት መኪና ካለና ማንሳት ከፈለጋችሁ፣ አሴቶንና ቲነር እንዳትነኩ። በ800 በውኃ ጀምሩ፣ በ1000፣ በ1500፣ በ2000 ውረዱ፣ በማለስለሻ ጨርሱ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ መብራቱ ግን ይድናል።

አንተ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ያችን የክብሪት ሳጥን የምታክል ጥግ ፈትግና የሆነውን ጻፍልኝ። ወደ ስፕሬዩ ከሄድክም የምስክሩን ሁለት ቁጥሮች ላክልኝ፤ አንድ እጅ ይጨመር አይጨመር አብረን እናያለን።